የኑሩ ሌላኛው ጉንጭ

ለመሆኑ እናንተ፣ አንድን ሰው አሳምሬ ፎቶ ላንሳው ብላችሁ ሰውየውን ልታጠፉት ምንም ያልቀራችሁ ጊዜ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ዐይኑን ጨፍኖ ስለወጣ ሰው አይደለም የምጠይቃችሁ፤ ያ የሁሉም ሰው ችግር ነው። እኔ የምለው፣ ሕጉን ሁሉ ጠብቃችሁ፣ ብርሃኑን መርጣችሁ፣ ሌንሱን ጠርጋችሁ፣ ፎቶውም እንዳሰባችሁት ቁልጭ ብሎ ከወጣ በኋላ፣ በዚያው ባማረ ፎቶ የተነሳ የአንድ ጨዋ ሰው ትዳር ሊፈርስ ሲል ማለቴ ነው። ያውም ገና ሳይመሠረት።

ካላጋጠማችሁ ላስረዳችሁ። ማስረዳት እወዳለሁ፤ እንጀራዬም እሱው ነው። ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ሒሳብና ሳይንስ አስተምራለሁ፤ በስዋሂሊ ሙዋሊሙ፣ መምህሩ፣ ይሉኛል። ተማሪዎቼ “ሙዋሊሙን ጥያቄ የጠየቀ የዕረፍት ሰዓታችንን በላ” እንደሚባባሉ ሰምቻለሁ። እውነታቸውን ነው፤ ግን ጠያቂ አልጠፋም።

ባለፈው የትምህርት ቤት ዕረፍት ናይሮቢ ወርጄ ያገለገለ ካሜራ ገዛሁ። ወዲያውም በኢንተርኔት የሚሰጥ የፖርትሬት ትምህርት ጀመርኩ። ፖርትሬት ማለት የሰውየው ፊት ዋናው ጉዳይ የሆነበት ፎቶ ነው። ባለ ካሬ ደብተር አዘጋጅቼ ሕጎቹን በቀይ፣ ማብራሪያቸውን በሰማያዊ፣ ያልገባኝን ደግሞ በእርሳስ ጻፍኩ። ሃያ አንድ ሕግ ሞላኝ። የጎደለኝ ሰው ብቻ ነበር። ሰው እስኪገኝ በአከራዬ ዶሮ ላይ ተለማመድኩ። ዶሮዋ ትዕግሥተኛ ነበረች፤ ነገር ግን አገጭ የላትም፤ ስለዚህ አገጭን የሚመለከተው ሕግ ሳይፈተን ቀረ።

ሰኞ ዕለት ከክፍል ስወጣ እትዬ ራህማ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። እትዬ ራህማ ጎረቤቴ ናት፤ ሄሉ በሚባለው ሰፈር፣ ከትምህርት ቤታችን ጀርባ፣ ከታናሽ ወንድሟ ከኑሩ ጋር በአንድ ግቢ ትኖራለች። አባታቸው ከወሎ መጥተው እዚሁ የቀሩ ነጋዴ ነበሩ። ኑሩ የግመል ደላላ ነው፤ ከጎልቦ ቆላ የሚመጣ ግመል በእሱ ዐይን ሳያልፍ ገዢ እጅ አይገባም። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ረጅምና ዝምተኛ። እሱ ያልተናገረውን ሁሉ እህቱ ትናገርለታለች።

“ሙዋሊሙ፣ ያ ካሜራህ ሰው ያነሳል ወይስ ዶሮ ብቻ ነው?” አለችኝ።

ሰው ማንሳት ከጀመርኩ የማቆም እንደማይመስለኝ ነገርኳት። እሷም ጉዳዩን ዘረገፈችው። ማርሳቢት ውስጥ ዘሃራ የምትባል ልብስ ሰፊ አለች። ኑሩ ባለፈው ረመዳን ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ፣ በሱቋ በር ሲያልፍ ከስፌት መኪናዋ ቀና ስትል አያት። በቃ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ራህማ እንደምትለው ወንድሟ ሻይ ውስጥ ስኳር መጨመር ይረሳል። ዘሃራ ግን እሱን አላየችውም። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ደግሞ እሱ ራሱ እዚያ በር ላይ ቢቆም ነውር ነው። ያሳደጓት አክስቷ ሐጃ ሶፊያ ሽማግሌ ለመቀበል ፈቃደኛ ናቸው፤ ዘሃራ ግን “መልኩን ያላየሁትን ሰው ሽማግሌ ቤቴ እንዳታስገቡ” ብላለች። ስለዚህ በመካከል መንገድ ተገኘ፤ ፎቶ ይላክ። እስከ ዐርብ፣ እስከ ጁምዓ ሶላት ድረስ።

ችግሩ ሌላ ሰው ቀድሞ ፎቶ መላኩ ነው። መኪናው ላይ ተደግፎ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ። የኑሩ ብቸኛ ፎቶ ደግሞ ኪፓንዴ በሚሉት መታወቂያው ላይ ያለው ነው። አሳየችኝ። ከአንድ ከባድ ወንጀል በኋላ የተያዘ፣ ግን ያልተጸጸተ ሰው ይመስላል።

እኔ በደስታ እንቅልፍ አጣሁ። እውነተኛ ሰው፣ እውነተኛ አገጭ፣ እውነተኛ ጉዳይ።

ማክሰኞ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ደብተሬን በብብቴ ይዤ ኑሩ ግቢ ደረስኩ። ሰዓቱን በዘፈቀደ አልመረጥኩትም። ሕግ ቁጥር አንድ፦ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ሰው አታንሳ። የቀትር ፀሐይ የዐይን ጉድጓድ ላይ ጥላ እየጣለች ደጉን ሰው ሁሉ ቂመኛ ታስመስለዋለች። ወደ ማታ ግን ብርሃኑ በጎን ይመጣል፤ ለስላሳ ነው፤ ቆዳን ያሞቃል።

ኑሩ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ጺሙን ተስተካክሎ፣ አዲሱን ቤቱን ከጀርባው አድርጎ ይጠብቀኛል። ቆርቆሮው ያብለጨልጫል፤ በሩ ሰማያዊ ነው፤ ከበሩ ጎን ትልቋ ጥቁር የውሃ ታንከር ቆማለች። ሞያሌን የማያውቅ ሰው ታንከር ምን ይደንቃል ይል ይሆናል። እኛ ጋ ውሃ በቦቴና በአህያ ጋሪ ነው የሚመጣው። ታንከር ያለው ሰው ማለት ሚስቱን ጄሪካን አስይዞ ወረፋ የማያሰልፍ ሰው ማለት ነው። ኑሩ ይህን ሁሉ በቃል አልተናገረም። ዝም ብሎ ታንከሯ አጠገብ ቆመ። ትንሽ ብልህ ብሆን ኖሮ የገባኝ ያኔ ነበር።

እኔ ግን ሕግ ቁጥር ሰባት ላይ ነበርኩ፦ ከሰውየው ጀርባ ያለው ነገር ዐይን እንዳይሰርቅ አደብዝዘው። ነገሩ ተአምር ነው። የሌንሱን ቀዳዳ በሰፊው ከፍታችሁ፣ ለካሜራው ቀረብ ባለው ዐይን ላይ ካነጣጠራችሁ፣ ሰውየው ጥርት ብሎ ከኋላው ያለው ሁሉ እንደ ቅቤ ይቀልጣል። ኑሩን አገጩን ወደ ፊት ገፋ፣ ከዚያ ዝቅ እንዲያደርግ ነገርኩት። ዐይኖቹ ውስጥ የምሽቷ ፀሐይ ነጥብ ሆና ታየች። አነሳሁ። እንደዚያ ያለ ፎቶ በሕይወቴ አንስቼ አላውቅም።

ኑሩ ፎቶውን ረጅም ሰዓት አየው። “ቤቱስ?” አለ።

እኔም ቤቱ ለምን መጥፋት እንዳለበት አንድ ሩብ ሰዓት ያህል አስረዳሁት። “ሳዋ፣ እሺ፣ አንተ ታውቃለህ” አለኝ። እንዲህ የሚለኝን ሰው ከዚያ ወዲህ እፈራለሁ።

እትዬ ራህማ ፎቶውን ላከች። ብዙም ሳይቆይ ከሐጃ ሶፊያ የድምፅ መልእክት መጣ። ሦስታችንም ስልኩ ላይ አጎነበስን።

“ራህማ ልጄ፣ ልጁ ማሻ አላህ ደህና ነው። ከኋላው የቆመችው ጥቁር ለባሽ ሴት ግን ማን ናት?”

ፎቶውን እንደገና አየነው። ኑሩ ጥርት ብሏል። ከትከሻው በስተጀርባ፣ በሰማያዊው በር አጠገብ፣ ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር የለበሰች ወፍራም ሴት ቆማለች። ታንከሯ ነበረች። እኔው አቅልጬ ወገብ አውጥቼላታለሁ።

እትዬ ራህማ ለቁጥር በሚያታክት መሐላ ታንከር መሆኗን አስረዳች። ማርሳቢት ላሉት አልተዋጠላቸውም። የሐጃ መልስ አጭር ነበር፤ ታንከር ከሆነች ለምን ትደበቃለች፣ ሚስት ካለችው ደግሞ በግልጽ ይነገር ነው የሚሉት። በመጨረሻ እትዬ ራህማ በራሷ ስልክ፣ ያለ ምንም ሕግ፣ ታንከሯን ብቻ አንስታ ላከች። ቧንቧዋ ሳይቀር ይታያል። እንደ ባለሙያ ቅር አለኝ፤ ግን የታንከሯ ፎቶ ከእኔው የተሻለ እምነት አገኘ።

ረቡዕ ማለዳ ከትምህርት ቤት በፊት ተመለስኩ። ስህተትን ማረም የመምህር ሥራ ነው። ጥፋቱ ጀርባው ላይ ከሆነ ምንም የሌለበት ጀርባ ይፈለጋል። ኑሩን ቤት ውስጥ ነጩ ግድግዳ ፊት አስቀምጬ፣ በስተግራው ያለውን መስኮት ከፈትኩ። ሕግ ቁጥር አሥራ ሁለት፦ ብርሃን ከአንድ ወገን ብቻ ሲመጣ ፊት ጥልቀት ያገኛል። ፊት ለፊት የበራበት ፊት እንደ ሳህን ዝርግ ይሆናል። ከጎን የበራበት ግን አንዱ ጉንጭ ብርሃን፣ ሌላው ጉንጭ ጥላ ይሆንና ሰውየው ብዙ ያሰበ፣ ብዙ የኖረ ይመስላል። ፎቶው ሲወጣ እትዬ ራህማ ራሷ ዝም አለች። እትዬ ራህማን ዝም ያሰኘ ፎቶ አንስቻለሁ ብዬ እየዘለልኩ ክፍል ገባሁ።

በዕረፍት ሰዓት መጣች። ሐጃ ሌላኛው ጉንጩ ምን ሆኖ ነው ብለዋል።

“ጥላ ነው በያቸው” አልኳት።

“ብያለሁ። ጥላው ሥር ያለውን ነው የጠየቁት።”

ነገሩ ማርሳቢት ውስጥ ሲዘዋወር አድጎ ነበር። አንዷ ጎረቤት የግመል ደላላ መሆኑን ሰምታ፣ መቼም ግመል ሳይነክሰው አልቀረም ብላለች። ሌላዋ ደግሞ ንክሻው ጆሮውንም ይዞ እንደሄደ የምታውቅ ሆናለች። ሰዓት አልነበረንም። ከክፍል እንደወጣሁ ሮጥኩና ኑሩን አዙሬ፣ በዚያው መስኮት፣ በዚያው ወንበር፣ ሌላኛውን ጉንጩን አበራሁት። አሁን ስጽፈው ስህተቱ ምን እንደሆነ ይታየኛል። ያን ጊዜ ግን ሕጉ ፍጹም መስሎ ነበር የታየኝ፤ ግማሽ ሲደመር ግማሽ አንድ ነው። እኔ ደግሞ የሒሳብ መምህር ነኝ።

ሐጃ ሶፊያ መልሰው የጠየቁት የመጀመሪያው ጉንጩ የት እንደሄደ ነበር።

ኑሩ በዚህ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣም። ገበያውን ትቶ፣ እንደነገርኩት ተቀመጠ፣ እንደነገርኩት ተነሳ፣ አገጩን ገፋ፣ አገጩን ሰበሰበ። ረቡዕ ማታ ግን ካሜራዬን ቦርሳ ውስጥ ሳስገባ በሩ ላይ ቆሞ፣ “ሙዋሊሙ፣ ያኛው ሰው መኪና አለው። እኔ ያለኝ ይሄው ፊት ነው። ነገ በደንብ አሳያት” አለኝ።  እኔም ቤቴ ገብቼ ሃያ አንዱንም ሕግ እንደ ፈተና ዋዜማ ደጋግሜ አነበብኩ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ዝግጅት አደረግሁ። ከቤት ውጭ፣ ቆርቆሮው በሚጥለው ጥላ ሥር አቆምኩት። እንዲህ ያለ ጥላ ብርሃኑን እኩል ያካፍላል። እትዬ ራህማ ከፊቱ ዝቅ ብላ ከትምህርት ቤት ያመጣሁትን ነጭ ካርቶን ያዘች፤ ነጩ ካርቶን ብርሃን ወደ አገጩ ሥር ይመልሳል። ሁለቱም ጉንጮች ተገኙ። ታንከሯም ከጎኑ ጥርት ብላ ቆመች።

የቀረው ርቀት ነበር። ሕግ ቁጥር ሦስት፦ ወደ ሰውየው አትጠጋ፤ ከፊቱ ስር ገብታችሁ ስታነሱ አፍንጫው ያብጣል፣ ጆሮዎቹ ይሸሻሉ። ወደ ኋላ ራቁና ረዘም ባለ ሌንስ አንሱ። እኔም ዐይኔን ከካሜራው ሳልነቅል ወደ ኋላ ራቅሁ። የኑሩ አፍንጫ ልክ መጠኗን እየያዘች መጣች። አንድ እርምጃ ጨመርኩ። አሁንም አንድ። እጅግ ቆንጆ አፍንጫ ሆነች፤ በዚያው ቅጽበት የፍየሎቹ በረት የእሾህ አጥር ከኋላዬ ተቀበለኝ።

ዝርዝሩን ልተወው። አጥሩ በግራር እሾህ የታጠረ ነው፤ ግራር የያዘውን አይለቅም። ካሜራዬን ወደ ላይ ዘርግቼ ያዝኩ፤ ፍየሎቹ ደብተሬን ለመመርመር ተጠጉ፤ ኑሩና እህቱ እኔን በአንድ በኩል ሱሪዬን በሌላ በኩል ጎተቱ። እኔ ወጣሁ። የሱሪዬ የኋላ ክፍል ግማሹ እዚያው ቀረ። ሕግ ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ስምንት ያለውን ደግሞ ፍየሎቹ በልተውታል።

ከበሉት ገጾች አንዱ ስለ እጅ የሚያስረዳው ነበር። ሰው ፎቶ ሲነሳ እጁን የት እንደሚያደርግ ይጠፋዋል፤ ስለዚህ ሥራ ስጡት ይላል። እኔ ግን ሱሪዬን በእትዬ ራህማ ሻርፕ ሸፍኜ፣ ቶሎ ለመጨረስ ስል፣ “እጅህን እንደለመድከው አድርገው” አልኩት። ኑሩም እንደለመደው አደረገ። ከትከሻው የማትለየውን ፎጣ ሳብ አድርጎ ቀኝ እጁን ከሥሯ አስገባ። የግመል ደላሎች ዋጋ በአፍ አይነጋገሩም፤ አላፊ አግዳሚው እንዳይሰማ በጨርቅ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው ጣት በመጨበጥ ነው የሚስማሙት። የኑሩ ቀኝ እጅ ሥራ ላይ ካልሆነ የሚያርፈው እዚያ ነው። እኔ ፊቱን ሳይ እጁን አላየሁትም።

ፎቶው ሄደ። መልሱን ለመገመት እናንተም አሁን የምትቸገሩ አይመስለኝም። ሐጃ ቀኝ እጁ ሙሉ መሆኑን ነበር የጠየቁት።

እትዬ ራህማ ቁጭ ብላ ጭንቅላቷን ያዘች። እኔ ዐሥሩን ጣቶች ዘርግቶ የሚነሳበትን አቋም ማስላት ጀመርኩ። የተረጋጋው ኑሩ ብቻ ነበር። እንዲያውም ፊቱ ፈካ።

“ተዉአቸው፣ ደህና እየሄዱ ነው” አለ። ከዚያ በሦስት ቀን ውስጥ የተናገረውን ያህል በአንድ ትንፋሽ ተናገረ። መግዛት የማይፈልግ ሰው ግመልን ከሩቅ አይቶ ያልፋል አለን። የፈለገ ሰው ግን መጀመሪያ ባለቤት አለው ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ከዚያ ወዲያ ማዶ ዞሮ ሌላውን ጎን ያያል፣ ከዚያ እግሩን። “እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው። የቀረ ጥርስ ብቻ ነው” አለና ስልኩን አወጣ።

ላስቆመው ብል ከመቀመጫዬ ልነሳ አልቻልኩም፤ ለመነሳት ሻርፑን መልቀቅ ነበረብኝ። ኑሩ በግራ እጁ ስልኩን ፊቱ ላይ ደቀነ፤ በቀኝ አውራ ጣቱ፣ የግመል ዕድሜ ለገዢ እንደሚያሳየው አድርጎ፣ የላይ ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልጦ ያዘ። ጥርሱን እስከ መንጋጋው ድረስ፣ አምስቱንም ጣቶቹን ጨምሮ፣ በፀሐይ ብርሃን አነሳው። ሕግ ቁጥር ሦስት ተጣሰ። ሕግ ቁጥር ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሁሉም ተጣሱ። አፍንጫው ማንጎ አክላለች። “ላኪው” ብሎ ለእህቱ አስተላለፈላት፤ እሷም ከድካም ብዛት ሳታየው ላከችው። ካየችው በኋላ የጮኸችው ጩኸት ኦዳ መንደር ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ከማርሳቢት መልስ አልመጣም። አምሽተን ጠበቅን፤ የለም። ዐርብ ማለዳም የለም። ኑሩ ገበያ አልወጣም፤ ከታንከሯ ጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ምናልባት ጥርሴን ማሳየት አልነበረብኝም ይሆን ብሎ ጠየቀኝ። ያን ፎቶ ያስከተሉት የእኔ አራቱ ፎቶዎች መሆናቸውን ስለማውቅ፣ ከእሱ ጎን ተቀመጥኩ። ክፍል ገብቼም ለተማሪዎቼ ፈተና ስሰጥ አንዱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ሁለት የተለያየ መልስ የሰጡ ልጆች አሉ።

ከጁምዓ በኋላ፣ ኑሩ ከመስጊድ ተመልሶ ጫማውን ሳያወልቅ፣ የእትዬ ራህማ ስልክ ጮኸ። የሐጃ ድምፅ አልነበረም። የወጣት ሴት ድምፅ ነው፤ ከኋላው የስፌት መኪና ይሰማል። ኑሩ ድንጋዩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

“እትዬ ራህማ፣ ዘሃራ ነኝ። ስልክሽን ለወንድምሽ አሰሚልኝ። ያኛው ሰው አንድ ፎቶ ነው የላከው፤ መኪናውን አየሁለት። የእናንተን አክስቴ ‘ይህ ሰው ተቆራርጦ ነው የመጣው’ አለችኝ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሥራዬ የተቆራረጠ ነገር መግጠም ነው። ግራ ጉንጩን፣ ቀኝ ጉንጩን፣ ታንከሩን፣ እጁን አሳትሜ ጠረጴዛዬ ላይ ገጠምኩት። ጥርሱ ሲመጣ ሳቄን ማቆም አቅቶኝ ነው መልስ የዘገየው። ይህን ሁሉ ጊዜ አክስቴ የጠየቀችውን ሁሉ ሳይቆጣ የሚያሳይ ሰው፣ ነገ እኔ ስጠይቀውም አይቆጣም። ሽማግሌዎቹ ይምጡ።”

ስፌት መኪናው ትንሽ ሄዶ ቆመ።

“ስለ ሙዋሊሙ ሱሪ ነግረሽን ነበር። ከሽማግሌዎቹ ጋር ይምጣ፣ ሱሪውንም ያምጣ፤ እሰፋለታለሁ። ካሜራውን ግን እዚያው ይተው።”

ኑሩ መልእክቱን አራት ጊዜ ሰማው። በአራተኛው ላይ፣ ስለ ጥርሱ የምትለው ቦታ ስትደርስ፣ ከንፈሩን ማንም ሳይገልጥለት ጥርሱ ሁሉ ታየ። ብርሃኑ የሰባት ሰዓት ነበር፤ በሕጉ መሠረት የማይነሳበት ሰዓት። ካሜራዬ አንገቴ ላይ ነበር፤ እኔ ግን አፌን ከፍቼ ቆሜ አየሁት እንጂ አላነሳሁትም። ማርሳቢት የሄድኩትም ሱሪዬን በፌስታል ይዤ፣ ካሜራዬን አከራዬ ቤት ትቼ ነው። ስፌቱ አይታወቅም፤ እጇ ወርቅ ነው።

አሁን በደብተሬ ላይ ፍየሎቹ የበሏቸውን ገጾች እንደገና እየጻፍኩ ነው። ሃያ ሁለተኛ ሕግ ጨምሬያለሁ፤ ከማንሳትህ በፊት ሰውየው ምን አጠገብ እንደቆመ ተመልከት፤ እዚያ የቆመው በምክንያት ነው።

እናንተም እስቲ ሞክሩት። ካሜራ ባይኖራችሁ ስልክ ይበቃል። አንድ የምታውቁትን ሰው ወደ ማታ፣ ፀሐይ ስትለዝብ፣ ከደጁ አቁሙት። የት መቆም እንደሚፈልግ እሱ ይምረጥ። ቀረብ ባለው ዐይኑ ላይ አነጣጥሩ፤ ለእጁ ሥራ ስጡት፤ ወደ ኋላ ከመራቃችሁ በፊት ዞር ብላችሁ እዩ። በመስኮት ብርሃን ግማሽ ፊቱን ብቻ ካበራችሁም ግድ የለም፣ ቆንጆ ነው። ብቻ ከመላካችሁ በፊት፣ እባካችሁ፣ ሁለቱ ጉንጮቹ አንድ ላይ የሚታዩበት አንድ ፎቶ አንሱለት።